ምንጩ ያልታወቀ ውኃ፤ በጤና ተማሪዎች የጽሑፍ ሥራ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተግባር ልምምድ ወደ መቻራ የመጡ የጤና ተማሪዎች ያዘጋጁት የኅብረተሰብ ጤና ዳሰሳ ሪፖርት ለእርማት በዚህ ጸሐፊ እጅ ገብቶ ነበር። ሪፖርቱ በወፍራም ሽፋን የተጠረዘ፣ ማውጫና የምስጋና ገጽ የተበጀለት፣ ከ40 የማያንሱ ገጾች ያሉት ነው። መግቢያው በተቃና እንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ለዓይን ሲታይ ምንም የሚነቀፍ ነገር ያለው አይመስልም። ወደ መካከሉ ሲደረስ ግን የቀበሌው ነዋሪዎች ኑሯቸውን የሚመሩት በሐይቁ ላይ ዓሣ በማስገር እንደሆነና የሚጠጡትንም ውኃ ከዚያው ከሐይቁ እንደሚቀዱ ተጽፏል። መቻራ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በዳሮ ለቡ ወረዳ የምትገኝ የቡና አገር ናት። በከተማይቱም ሆነ በዙሪያዋ ሐይቅ የለም።

ተማሪዎቹ ሲጠየቁ አንደኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጽሑፉን ከቀደምት ተማሪዎች ፍላሽ ላይ እንዳገኙት ተናገረ። ሌላዋ ደግሞ ያለ ምንም ተንኮል፣ «መምህር፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» አለች። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ነገሩ ለአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል የሣቅ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሞሏቸው መጠይቆች በአንድ ፌስታል ታስረው ተቀምጠዋል። መጠይቆቹ ሲገለጡ፣ በአንድ መንደር ከተጠየቁት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ውኃ የሚቀዱት ጥበቃ ካልተደረገለት አንድ ምንጭ እንደሆነ፣ ሕፃናቶቻቸውም በቅርብ ሳምንታት ተቅማጥ ይዟቸው እንደነበር ያመለክታሉ። በእጃቸው ያለውን እውነት በፌስታል አስረው፣ የማያውቁትን የሐይቅ ታሪክ በወፍራም ሽፋን አስጠረዙ። የጽሑፋቸውን ምንጭ የሸሸገው ሪፖርት ሕዝቡ የሚጠጣውንም ምንጭ ሸሸገ።

ይህ ጽሑፍ እነዚያን ተማሪዎች ለመክሰስ የተዘጋጀ አይደለም። የሂሱ ዒላማ በየጤና ኮሌጁ የሚቀርበው የቤት ሥራ፣ የዳሰሳ ሪፖርትና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራበትና የሚታረምበት ልማድ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት በሕክምናው መስክ ምንጭን ሳይጠቅሱ መጻፍ ከደራሲው መብት አልፎ የታካሚውን ደኅንነት የሚነካ ጥፋት ነው። ጥፋቱን ለማረም የሚያስፈልገውን ጥንቃቄም ማንኛውም ጤና ባለሙያ በየቀኑ በታካሚ ካርድ ላይ ሲሠራበት ይውላል።

የጽሑፍ ስርቆት ምንድን ነው?

የጽሑፍ ስርቆት (ፕላጂያሪዝም) የሌላን ሰው ቃል፣ ሐሳብ፣ አኃዝ፣ ሠንጠረዥ ወይም ሥዕል ከየት እንደተገኘ ሳይገልጹ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ብዙዎቻችን ስርቆት የምንለው ቃል በቃል መገልበጥን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ቃላትን ለዋውጦ የሌላውን አንቀጽ እንዳለ ማስቀመጥ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈን ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ መልሶ የራስ ማድረግ፣ ያላነበቡትን መጽሐፍ ከሌላ ሰው ዋቢ ዝርዝር አንስቶ እንዳነበቡት አድርጎ መጻፍ፣ ጓደኛ የሠራውን በራስ ስም ማስገባት፣ አንዱን የራስ ሥራ ለሁለት ትምህርት ሁለት ጊዜ ማቅረብም ከዚሁ ጎራ ናቸው።

ጉዳዩ ከሕግ ጋር ቢገናኝም ከሕግ ጋር አንድ አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው የሥራው ባለቤት ተብሎ የመታወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የሥራው ምንጭና የደራሲው ስም እስከ ተገለጸ ድረስም በአግባቡ ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል። በሌላ በኩል አዋጁ ሐሳብን በሐሳብነቱ አይጠብቅም፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብትም ካረፈ ከ50 ዓመታት በኋላ ያበቃል። ከዚህ የተነሣ በሕግ የማያስጠይቅ ነገር ሁሉ በትምህርት ዓለም የተፈቀደ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ደራሲው ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው መጽሐፍ እንኳ ሐሳቡ ሲወሰድ ሊጠቀስ ይገባል። ሕጉ የሚጠይቀው ንብረቱ የማን እንደሆነ ነው፤ የትምህርት ታማኝነት ደግሞ «ይህን በምን አወቅህ?» ብሎ ይጠይቃል። ለጤና ባለሙያ ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?

ጉዳቱን ለማየት በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘውን የእናቶች ሞት አኃዝ መመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሚሞቱትን እናቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናት 871፣ በ2005 ጥናት 673፣ በ2011 ጥናት 676፣ በ2016 ጥናት ደግሞ 412 አድርጎ ገምቷል። አራቱም አኃዞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘመን አላቸው። የ2016ቱ ለምሳሌ ከጥናቱ በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት የሚመለከት ሲሆን፣ ግምቱም ከ273 እስከ 551 በሚደርስ የመተማመኛ ወሰን ውስጥ የሚዋልል ነው።

ተማሪው ይህን ሁሉ ትቶ «በኢትዮጵያ የእናቶች ሞት 676 ነው» ብሎ ይጽፋል። ዓመቱም ምንጩም የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ከእርሱ ይገለብጣል፤ ከዚያም ሌላው። በመጨረሻ አንድ የወረዳ ባለሙያ ዕቅድ ለማዘጋጀት ሁለት ሪፖርቶችን ሲያገላብጥ በቀደመው 412፣ በኋለኛው 676 ያገኛል። ሁለቱም ምንጭ ስለሌላቸው የእናቶች ሞት የጨመረ ይመስለዋል። በ2005 እና በ2011 ጥናቶች መካከል ያለችው የሦስት ቁጥር ልዩነት ለውጥ ተብላ ልትቆጠር እንደማትችልም ሊያውቅ አይችልም። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ሐሰት ያደረገው ከምንጩ መለየቱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወባ ነው። ከአሮጌ ጽሑፍ የተገለበጠ መግቢያ ወባ በዋናነት የገጠር በሽታ እንደሆነና ከክረምት ዝናብ በኋላ እንደሚበረታ ይናገራል። ይህ አባባል በተጻፈበት ዘመን ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በቀብሪ ደሃር መገኘቷ ታወቀ። ይህች ትንኝ በከተማ በሚገኙ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ለሐረርጌ ቅርብ በሆነችው በድሬዳዋ በደረቁ ወራት ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗ በጥናት ተመልክቷል። ዓመቱ ያልተጻፈበትን አሮጌ አንቀጽ አንብቦ የወጣ ነርስ በበጋ ወር ትኩሳት ይዞት ከከተማ የመጣውን ሰው ወባ ሊሆን እንደሚችል ላይጠረጥር ይችላል። ምንጩና ዓመቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አንባቢው «ይህ ከ2016 በፊት የተባለ ነው» ብሎ ራሱን ባስጠነቀቀ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከውጭ ዓለም የተገኘ ሲሆን፣ ከስርቆትም ረቀቅ ያለውን ጥፋት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1980 ጄን ፖርተርና ኸርሼል ጂክ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አምስት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ያሏት አጭር ደብዳቤ አወጡ። ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙና ቢያንስ አንድ ጊዜ ኦፒዮይድ ከተሰጣቸው 11,882 ሰዎች መካከል፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ የሌላቸውና በሱስ መያዛቸው በሚገባ የተመዘገበው አራት ብቻ እንደነበሩ ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ ትንተና ይህች ደብዳቤ 608 ጊዜ ተጠቅሳ እንዳገኛት አስታወቀ። ከጠቀሷት መካከል ከ72 በመቶ የሚበልጡት መድኃኒቶቹ ሱስ የማስያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገዋታል፤ ከ80 በመቶ የሚበልጡት ደግሞ ታካሚዎቹ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ መሆናቸውን አልገለጹም። ደብዳቤዋ ቤታቸው ሆነው መድኃኒቱን ለወራት ስለሚወስዱ ሰዎች አንዳች አልተናገረችም። የትንተናው አዘጋጆች ይህ ጥንቃቄ የጎደለው አጠቃቀስ በሰሜን አሜሪካ ለተከሰተው የኦፒዮይድ ቀውስ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ደምድመዋል። እነዚህ ጸሐፊዎች ምንጭ ጠቅሰዋል። ብዙዎቹ የጠቀሱትን በጥንቃቄ ቢያነቡት ኖሮ ግን እንዲህ ባልጻፉ ነበር። ስለዚህ የምንጭ ስም መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ ምንጩ ድረስ መሄድና ያለውን መጠን ያህል ብቻ መናገር ያስፈልጋል።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ነውን?

ተማሪው ከማን ተማረው ብለን ስንጠይቅ ሂሱ ወደ ራሳችን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በካርተር ማዕከል ድጋፍ የተጀመረው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና ኢኒሼቲቭ፣ ያኔ ዓለማያ ይባል የነበረውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን አማካይነት በርካታ የማስተማሪያ ጽሑፎችንና ሞጁሎችን አዘጋጅቷል። መጻሕፍት በጠፉበት ጊዜ ለጤና መኮንኑ፣ ለነርሱ፣ ለላቦራቶሪና ለአካባቢ ጤና ባለሙያው መማሪያ የሆኑት እነዚህ ጽሑፎች ናቸው። በአገራችን ሰዎች ለአገራችን ጤና ጣቢያ ታስበው መጻፋቸው ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ የማይገኝ ጥቅም ሰጥቷል። ውለታቸው የሚዘነጋ አይደለም።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን ሳይጠቅሱ ማለፍ ሂሱን ያጎድለዋል። የመጀመሪያው፣ በእነዚህ ጽሑፎች መግቢያ ገጽ ላይ ለትምህርት ዓላማ በነፃ ማባዛት እንደሚቻል፣ ነገር ግን የአዘጋጆቹ ስም ከቅጂው እንዳይለይና ማንም የእኔ ነው እንዳይል የሚያሳስብ ማስታወቂያ ሰፍሯል። እኛ መምህራን ደግሞ ገጾቹን አባዝተን ስናድል ብዙ ጊዜ የምናስቀረው ይህንኑ ገጽ ነው። ተማሪው የሚደርሰው ጽሑፍ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለውን ነገር ማንሣት ደግሞ እንደ ስርቆት አይታሰበውም። ሁለተኛው በጽሑፎቹ ላይ የሚሰነዘር ነቀፋ ነው። ከእነርሱ መካከል በርካታዎቹ የተጠቀሙባቸውን መጻሕፍት በመጨረሻ ገጽ ቢዘረዝሩም፣ የትኛው አኃዝ ወይም የትኛው አባባል ከየትኛው መጽሐፍ እንደተወሰደ በየቦታው አያመለክቱም። ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ የተማረ ሰው በመጨረሻ ገጽ ላይ አሥር የመጻሕፍት ስም መደርደር ምንጭ መጥቀስ ይመስለዋል።

የቤት ሥራ አሰጣጣችንም አብሮ ይወቀሳል። «ስለ ወባ ጻፉ» ወይም «ስለ ስኳር በሽታ 15 ገጽ አቅርቡ» የሚል ትእዛዝ ጥያቄ የለበትም። ጥያቄ የሌለው ሥራ ከመገልበጥ በቀር ሌላ መልስ የለውም። የምናርመውም በገጽ ብዛትና በጥራዝ ውበት ከሆነ ጽሕፈት ቤቱ ከቤተ መጻሕፍቱ በልጦ ቢገኝ ሊደንቀን አይገባም። በየከተማው አሳይመንትና የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ የሚሠሩ ሰዎች ገበያ ያገኙት እኛ የማናነበውን ስለምናዝዝ ነው።

የቋንቋም ነገር አለ። የምዕራብ ሐረርጌ ተማሪ ችግሩን ከእናቲቱ በኦሮምኛ ይሰማል፣ ከጓደኛው ጋር በአማርኛ ይመካከርበታል፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። የራሱ እንግሊዝኛ እንዳያሳፍረው ሲሰጋ በሌላው የተቃና ዐረፍተ ነገር ይሸፈናል። ይህ ማስተባበያ ባይሆንም ምክንያት ነው፤ በሽታውን ለማከም ደግሞ ምክንያቱን ማወቅ ግድ ይላል። ተማሪው የተሰባበረ ቢሆንም የራሱን ዐረፍተ ነገር ይዞ ሲመጣ ነጥብ የሚቀንስ መምህር መገልበጥን ያስተምራል።

አንዳንድ ተቋማት መፍትሔውን ለኮምፒውተር ትተውታል። ተመሳሳይነትን የሚለካ ሶፍትዌር በመቶኛ ውጤት ያወጣል፤ ከተወሰነው ወለል በታች ያለው ያልፋል። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው የቃላትን መመሳሰል እንጂ ታማኝነትን አይደለም። በአግባቡ የተጠቀሰውን ጥቅስ እንደ ግልባጭ ሊቆጥር፣ ከሌላ ቋንቋ የተመለሰውን ስርቆት ደግሞ ሊያሳልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ እንደ ቻት ጂፒቲ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በተማሪው ስልክ ላይ ከገቡ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተወሳስቧል። እነዚህ መሣሪያዎች ከማንም ጽሑፍ ጋር የማይመሳሰል አንቀጽ ያዘጋጃሉ፤ አንዳንድ ጊዜም የደራሲ ስም፣ የመጽሔት ስምና ዓመተ ምሕረት ያለው፣ በእውነቱ ግን በዓለም ላይ የሌለ ምንጭ ፈጥረው ይሰጣሉ። በሶፍትዌሩ ፊት ንጹሕ ሆኖ የሚያልፈው እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከመቻራው ሐይቅ የሚለይ አይደለም።

የምናውቀው ልማድ

ምንጭ መጥቀስ ከውጭ የመጣ አስቸጋሪ ሥርዓት ተደርጎ ሲታይ ያሳዝናል። ጤና ባለሙያ ሁሉ ይህን ሲሠራ ይውላል። ተረኛዋ ነርስ ያልተጻፈና ያልተፈረመ ትእዛዝ ይዛ መርፌ አትወጋም። ማን አዘዘ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል መጠን ብላ ትጠይቃለች። ስምና መለያ ቁጥር የሌለው የላቦራቶሪ ውጤት ለየትኛው ታካሚ እንደሆነ ስለማይታወቅ ይመለሳል። የደም ከረጢት ያለ መለያ ወደ ታካሚ አልጋ አይቀርብም። የሚያጠራጥር ነገር ሲገኝ ካርዱ ተገልጦ ወደ ኋላ ይኬዳል፤ ስሕተቱ የተፈጠረበት ቦታም ይገኛል። ዋቢ ማመልከት ይህንኑ የካርድ ጥንቃቄ ወደ ጽሑፍ ማምጣት ነው። በዎርድ ውስጥ «ይባላል» በሚል ቃል መድኃኒት የማይሰጥ ሰው በሪፖርቱ ውስጥ «ጥናቶች ያሳያሉ» ብሎ ለማለፍ ሊደፍር አይገባም።

የአገራችን የዕውቀት ባህልም ከዚህ የራቀ አይደለም። በሐረርጌም እንደ ሌላው የእስልምና ዓለም ሁሉ ሐዲስ የሚያስተምሩ ሊቃውንት አንድን ቃል ሲያስተላልፉ ከማን እንደሰሙት፣ እርሱም ከማን እንደሰማው የሚያመለክተውን ኢስናድ፣ ማለትም የአስተላላፊዎቹን ሰንሰለት፣ ይጠብቃሉ። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ከተበጠሰ ቃሉ ይደክማል። በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ከማን እንደተማሩ መናገር በሁለቱም ዘንድ ክብር እንጂ ውርደት ሆኖ አያውቅም።

ወደ መቻራ እንመለስ። የሥነ ምድር ተመራማሪው አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው በመቻራ አካባቢ ካሉት ዋሻዎች ከወለል ወደ ላይ የሚያድገውን የኖራ ድንጋይ ዓምድ (ስታላግማይት) ወስደው በማጥናት ስለ ጥንቱ የአየር ንብረት የሚናገር ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። ድንጋዩ ከየትኛው ዋሻ እንደተወሰደና ዕድሜው በምን ስልት እንደተለካ ተጽፏል። በዚህም ምክንያት በሌላ አህጉር የሚገኝ ተመራማሪ የመቻራን ስም ጠርቶ ሥራውን ሊመረምር፣ ሊቀበል ወይም ሊከራከር ይችላል። የመቻራ ድንጋይ ይህን ያህል ጥንቃቄ ሲደረግለት የመቻራ እናቶች ቃል በፌስታል ታስሮ መቅረቱ ሊያሳፍረን ይገባል።

እንዴት ይጠቀስ?

በሕክምና ጽሑፎች ዘንድ የተለመደው የአጠቃቀስ ሥርዓት ቫንኩቨር በመባል ይታወቃል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ካደረጉት ስብሰባ ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ምንጭ በጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም በዚያው ቁጥር የደራሲው ስም፣ የጽሑፉ ርእስ፣ የመጽሔቱ ስም፣ ዓመቱ፣ ቅጹና ገጹ ይሰፍራል። ነጥብና ሰረዝ የት እንደሚገባ መጨነቅ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ዋናው ነገር አንባቢው በተሰጠው መረጃ ብቻ ተመርቶ ምንጩ ጋ መድረስ መቻሉ ነው።

የሌላን ሐሳብ በራስ ቃል መግለጽ ከባድ መስሎ ለሚታያቸው አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ጽሑፍ «በገጠር ቀበሌዎች እናቶች ሕፃናት ሲያስቀምጣቸው ፈሳሽ መስጠትን ይቀንሳሉ፤ ይህም የሰውነት ፈሳሽ ማነስን ያባብሳል» ይላል እንበል። ተማሪው «በገጠር የሚኖሩ እናቶች ልጆቻቸው ተቅማጥ ሲይዛቸው ፈሳሽ ይቀንሳሉ፤ ይህም የፈሳሽ እጥረትን ያባብሳል» ቢል ጥቂት ቃላት ለወጠ እንጂ ምንም አልጻፈም፤ ዋቢ ቢጨምርበት እንኳ ዐረፍተ ነገሩ የሌላው ነው። ትክክለኛው መንገድ ጽሑፉን አንብቦ፣ ከድኖ፣ የተረዱትን ለጓደኛ ተናግሮ ከዚያ በኋላ መጻፍ ነው። ለምሳሌ፦ «ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ፈሳሽ ሊጨመርለት ሲገባ እናቶች እንደሚቀንሱ በሌላ ወረዳ የተደረገ ጥናት ገልጿል (3)። እኛም በመቻራ የጠየቅናቸው እናቶች ተመሳሳይ ነገር ነግረውናል።» በዚህ አጻጻፍ የሌላው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ታውቋል፣ ቃሉ የተማሪው ሆኗል፣ የራሱም ግኝት በጎኑ ቆሟል። የሌላውን ቃል እንዳለ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠር፣ ገጹም ይጻፍ። ዋናውን ሳያነቡ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ያገኙትን ደግሞ «በእገሌ ሥራ ውስጥ እንደተጠቀሰው» ብሎ እውነቱን መናገር ይገባል።

ምንጭ ማለት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የተገነዘቡት ልብስ አጣቢዎች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነው። ይህ ግኝት ቢልሃርዝያን ለመከላከል ለተደረገው ረጅም ምርምር መነሻ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የዚህ ዕውቀት የመጀመሪያ ገጽ የወንዙ ዳር ነበር፤ ታሪኩ በተነገረ ቁጥርም ልብስ አጣቢዎቹ አብረው ይነሣሉ። የእኛም ተማሪ ከእናቶች፣ ከአዋላጆች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሰማውን ቦታውንና ቀኑን ጠቅሶ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ስማቸውን ግን ሰውሮ ሊጽፍ ይገባዋል። የሰዎቹ ስም ይጠበቃል፤ ዕውቀቱ ከእነርሱ መምጣቱ ግን አይሸሸግም።

መምህራንና ተቆጣጣሪዎች በበኩላችን ልናደርገው የሚገባው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። «ስለ ወባ ጻፉ» በማለት ፈንታ «ባለፈው ሩብ ዓመት በዚህ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ወባ የተገኘባቸው በየትኛው ወር በዙ? ለምን?» ብለን ብንጠይቅ የሚገለበጥ መልስ አይገኝም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ማየት፣ ከተጠቀሱት ምንጮች አንዱን አምጥቶ እንዲያሳይ ተማሪውን መጠየቅ፣ ለአምስት ደቂቃ ስለ ሥራው በቃል ማነጋገር ከማንኛውም ሶፍትዌር የበለጠ ይሠራል። ምንጭ ፍለጋን በተመለከተም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ሂናሪ በአገራችን ላሉ ተቋማት የጤና መጽሔቶችን የማንበብ ዕድል ከፍቷል፤ ተማሪዎቻችን አጠቃቀሙን እንዲያውቁ ማድረግ የኛ ድርሻ ነው። ሳያውቅ ለሳተ ተማሪ የመጀመሪያው እርምጃ ትምህርት ይሁን። ተምሮና ተነግሮት ለደገመው ግን ቅጣቱ አይቅር፤ ነገ ያልለካውን የደም ግፊት በካርድ ላይ ለክቻለሁ ብሎ እንዳይጽፍ ዛሬ ሊታረም ይገባዋል።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ1854 ጆን ስኖው በለንደን የተነሣውን ኮሌራ የተከታተለው ሰዎቹ ውኃ ከየት እንደቀዱ እየጠየቀ ነበር። ሙያችን ከዚያ ጊዜ አንሥቶ «ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሙያ ነው። ውኃውን ከየት ቀዳችሁት ብሎ ሕዝቡን የሚጠይቅ ባለሙያ ቃሉን ከየት እንደቀዳው ሲጠየቅ ዝም ሊል አይችልም።

በመግቢያችን የጠቀስናቸው ተማሪዎች ሪፖርታቸውን መልሰው እንዲጽፉ ተደረገ። ሁለተኛው ሪፖርት 11 ገጽ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛው ይሰናከላል፤ ሽፋንም የለውም፤ ከተጠቀሱት አምስት ምንጮች የሁለቱ ዓመት ተዛብቷል። ነገር ግን በአራተኛው ገጽ ላይ ጥበቃ ያልተደረገለት ምንጭ ስም፣ ውኃ የሚቀዱበት ቤቶች ቁጥርና መጠይቁ የተሞላበት ቀን ሰፍሯል። አንባቢ ተነሥቶ ወደ ስፍራው ሊሄድና ነገሩ እውነት መሆኑን በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ከአንድ ተማሪ የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ከእኛም የሚጠበቀው እንዲህ ያለውን 11 ገጽ ከ40ው ገጽ አስበልጠን ማረም ነው።